ስኮች ውስኪን ለይቶ ለማወቅ ከየትኛው ጠርሙስ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ለዓመታት የጠጣሁት ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል ነው፤ እሱንም በበረዶ ወይም በኮካ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ላፍሮይግ 10 የተባለ ስኮች ቀዳልኝ። የሆስፒታል ሽታ ሸተተኝና ብርጭቆውን መጨረስ አቃተኝ። ሱቅ ስገባ ደግሞ ሲንግል ሞልት፣ ስፔይሳይድ፣ ሃይላንድ፣ 12፣ 15፣ 18 የሚል ጠርሙስ ተደርድሯል። የስኮች ዓይነቶችን በደንብ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየክልሉ አንድ አንድ ልግዛ? ዕድሜው በጨመረ ቁጥርስ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከየክልሉ አንድ አንድ አይግዙ፤ በዕድሜ ቁጥርም አይምረጡ። በተቻለ መጠን በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ውስኪዎችን ይዘው ጎን ለጎን ይቅመሱ፤ ያንን ሲለዩ ወደሚቀጥለው ጥንድ ይለፉ። አንድ ብርጭቆ ብቻውን ሲቀርብ ምላስ «ይጥማል» ወይም «ያቃጥላል» ከማለት እምብዛም አያልፍም። ሁለት ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን ይገልጠዋል። በስኮች ውስጥ ጣዕምን የሚለውጡት ዋና ዋና ነገሮች አራት ናቸው፦ ጭሱ፣ በርሜሉ፣ ማንጠሪያው፣ እና ከገብስ ብቅል ውጭ ከሌላ እህል የተሠራ ውስኪ መቀላቀል አለመቀላቀሉ። ክልልና ዕድሜ ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጡት።

በቅድሚያ ስለ ሆስፒታሉ ሽታ። አፍንጫዎ አልተሳሳተም። በ1865 ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ሐኪም እዚያው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ ቁስል እንዳያመረቅዝ የተጠቀመበት ካርቦሊክ አሲድ ሌላ ስሙ ፌኖል ነው። ላፍሮይግ ውስጥ የሸተተዎትም ፌኖልና ክሬሶልን የመሳሰሉ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ቢሆንም አፍንጫ በጥቂቱም ይለያቸዋል። ምንጫቸው ፒት ይባላል፤ ረግረግ መሬት ላይ ለሺዎች ዓመታት እየተደራረበ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ የቀረ ሣርና ቁጥቋጦ ነው። እንደ ጡብ እየተቆረጠ ይወጣል፤ እንደ ኩበት በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ ማገዶ ይሆናል።

ጭሱ ወደ ውስኪው የሚገባው በብቅሉ በኩል ነው። ገብሱ ለሁለት ሦስት ቀን ይነከራል፤ እርጥበቱ 45 በመቶ ገደማ ሲደርስ ተዘርግቶ ለአምስት ቀን ያህል ይበቅላል፤ ከዚያ በሙቀት ይደርቃል። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር አያገኝበትም። ልዩነቱ እኛ ጋ በወይራ የሚታጠነው ጋኑ ሲሆን እዚያ የሚታጠነው ብቅሉ መሆኑ ነው። ብቅሉ ገና እርጥብ ሳለ ከሥሩ ፒት ከነደደ ጭሱ ከገለባው ላይ ይጣበቃል፤ ከደረቀ በኋላ ቢያጨሱት ብዙ አይዝም። ማድረቂያው በፒት ፈንታ በጭስ አልባ ሙቀት ከሠራ ውስኪው ጭስ አይኖረውም። አብዛኛው የስፔይሳይድ ውስኪ እንዲህ ነው።

የጭሱ መጠን በፒፒኤም ይለካል፤ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ብቅል ውስጥ ስንት ክፍል ፌኖል እንዳለ ማለት ነው። ቦውሞር 25 ገደማ፣ ላጋቩሊንና ኩል ኢላ 35 ገደማ፣ ላፍሮይግ ከ40 በላይ፣ አርድቤግ 55 ገደማ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ይህ ቁጥር የብቅሉ እንጂ የጠርሙሱ አይደለም። ሲጠነስስ፣ ሲነጠርና በርሜል ውስጥ ሲቆይ ከጭሱ ብዙው ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት እኩል ቁጥር ያላቸው ውስኪዎች በብርጭቆ ውስጥ እኩል አይጨሱም። ከዚህ በታች የምሰጥዎት አንዱ ጥንድ ይህንኑ ያሳያል።

ደግሞም ከዚህ ጭስ ጋር የመጀመሪያ ትውውቅዎ አልነበረም። ጆኒ ዎከር ውስጥ ከሚገቡት ዋና ዋና ውስኪዎች አንዱ ከአይላ ደሴት የሚመጣው ኩል ኢላ ነው። ብላክ ሌብልን ያለ በረዶና ያለ ኮካ በክፍሉ ሙቀት ቢያሸቱት ከማሩና ከቫኒላው ሥር ስስ ጭስ ያገኛሉ። ምላስዎ ለዓመታት የለመደው ነገር ነው፤ ላፍሮይግ ላይ የገጠመዎት ያው ዘር ከብዙ እጥፍ ጋር ነው። በርበሬን በአልጫ ያህል ቀምሶ በአንድ ጊዜ ወደ ድልህ እንደመዝለል ያለ ነው።

የክልሎቹን ነገር እንመልከት። ሕጉ አምስት ክልሎችን ያውቃል፦ ሃይላንድ፣ ሎውላንድ፣ ስፔይሳይድ፣ አይላና ካምቤልታውን። እነዚህ ስሞች ጠርሙሱ የት እንደተሠራ በእርግጠኝነት ይነግሩዎታል፤ ምን ምን እንደሚል ግን አይነግሩም። በሃይላንድና በሎውላንድ መካከል ያለው መስመር ራሱ በ1784 ለቀረጥ ሲባል የተሰመረ ነው። አይላ ላይ ከፖርት አስኬግ ወደብ አጠገብ ኩል ኢላ አለ፤ ከእሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ቡናሃቨን አለ። ኩል ኢላ ጭሳም ነው፤ የተለመደው ቡናሃቨን 12 ደግሞ ጭስ የሌለው፣ ለውዝና ዘቢብ ያለው ውስኪ ነው። «አይላ ማለት ጭስ» ብሎ የገዛ ሰው ቡናሃቨን ላይ ግራ ይጋባል። በተቃራኒው «ስፔይሳይድ ለስላሳ ነው» ብሎ የቤንሪያክን ስሞኪ ቴን የገዛ ሰው ያልጠበቀው ጭስ ይመጣበታል። ታሊስከር ያለበት ስካይና ሃይላንድ ፓርክ ያለበት ኦርክኒ በተለምዶ «ደሴቶች» እየተባሉ ቢጠሩም በሕጉ ሃይላንድ ውስጥ ናቸው።

ስለ አነባበብ አንድ ቃል፦ ኢ-ስ-ላ-ይ ተብሎ የተጻፈው «አይላ» ተብሎ ይነበባል። ግሌን ሸለቆ ማለት ነው። በግሌንፊዲኽ መጨረሻ ላይ ያለው የስኮቶች ድምፅ እኛ «ኽ» ብለን የምንጽፈው ስለሆነ ስሙን መጥራት ለእኛ ከብዙዎች ይቀልለናል።

መለያው ላይ ከክልል ይልቅ ማንበብ ያለብዎት የዓይነቱን ስም ነው። ሲንግል ሞልት ማለት በአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በመዳብ ድስት የተነጠረ ማለት ነው። «ሲንግል» የሚለው የፋብሪካውን አንድነት እንጂ የበርሜሉን አይደለም፤ አንድ ጠርሙስ ውስጥ የብዙ በርሜሎች ውስኪ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አለ። ግሬይን ውስኪ ከጥቂት ብቅል ጋር ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ይሠራል፤ የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ ያለማቋረጥ በሚሠራ ረጅም ዓምድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ማንጠሪያ ኢኒየስ ኮፊ በ1830 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ከዚያ የሚወጣው ቀለል ያለ፣ ጣፋጭና ለስላሳ ነው። ሞልትና ግሬይን ሲቀላቀሉ ብሌንድድ ስኮች ይሆናል፤ ብላክ ሌብል እዚህ ውስጥ ነው። የተለያዩ ፋብሪካዎች ሞልት ብቻ ሲቀላቀል ብሌንድድ ሞልት ይባላል። ብሌንድድ ዝቅ ያለ ደረጃ ነው የሚለውን ወሬ ይተዉት። ቅይጥ የሚሠራ ባለሙያ በደርዘን የሚቆጠሩ ውስኪዎችን ይዞ ጠርሙሱ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ አለበት፤ ይህ ትልቅ ሙያ ነው።

በርሜሉ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነው። ከማንጠሪያው የሚወጣው እንደ አረቄ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ወርቃማ መልኩ፣ ጣፋጭነቱና ብዙው መዓዛው ከእንጨቱ ይመጣል። ሕጉ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ውስጥ፣ እዚያው ስኮትላንድ፣ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይ ያዛል። ስኮቶች በአብዛኛው አዲስ በርሜል አይጠቀሙም። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን በአዲስ፣ ውስጡ በተቃጠለ ኦክ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያስገድድ ቦርቦን ሠሪዎች አንዴ የተጠቀሙበትን 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ይሸጣሉ፤ ስኮትላንድ ይገዛል። ከዚህ በርሜል የሚመጣው ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ማር፣ ቢጫ ፍራፍሬ ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ የስፔን ሼሪ ወይን የነበረበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 500 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ነው። እሱ ዘቢብ፣ ተምር፣ ቅርንፉድ፣ ጥቁር ቸኮሌት ይሰጣል፤ ምላስን ጨምደድ የሚያደርግ የሻይ ዓይነት ድርቀትም አለው።

ሼሪ በርሜል አንድ የሚታወቅ ጉድለት አለው። አንዳንዱ ጠርሙስ የተጫረ ክብሪት ወይም የፈላ ጎመን ይሸታል። ባዶ በርሜል እንዳይበላሽ ውስጡ ድኝ ይጨስበታል፤ የዚያ ትራፊ ነው። ጥቂቱ በብርጭቆ ውስጥ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለቃል፤ ከበዛ አይለቅም። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለው ከገጠመዎት «ሼሪ አይስማማኝም» ብለው አይደምድሙ፤ ችግሩ የዚያ ጠርሙስ ነው።

በመልኩም አይፍረዱ። ሕጉ ከውሃ ሌላ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቅዳል። ጥቁር ቡናማ የሆነ ውስኪ ሼሪ በርሜል ውስጥ ላይቆይ ይችላል። ጀርመን ወይም ዴንማርክ ያላችሁ አንባቢዎች መለያውን ገልብጣችሁ እዩ፤ እዚያ ቀለም የተጨመረበት ከሆነ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል።

ማንጠሪያውን በአጭሩ። መዳብ ከእንፋሎቱ ውስጥ የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ይይዛል። አንገቱ ረጅም ሲሆን ከባዱ እንፋሎት ወደ ኋላ ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚያልፈው ቀላሉ ብቻ ይሆናል። የግሌንሞራንጂ ማንጠሪያ አንገቱ ብቻ 5.14 ሜትር ነው፤ ውስኪውም ብርቱካንና አበባ የሚል ስስ ነው። አጭርና ወፍራም ማንጠሪያ ወፍራም፣ ሥጋ ሥጋ የሚል ውስኪ ያወጣል። ማቀዝቀዣውም ይቆጠራል፦ ዳልዊኒ በ1986 በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ የሚጠመዘዘውን የቀድሞውን የመዳብ ቱቦ በአዲስ ማቀዝቀዣ ለወጠው፤ የውስኪው ጠባይ ስለተለወጠ በ1995 ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ክላይንሊሽ ውስኪ ደግሞ ምላስ ላይ የሻማ ሰም ዓይነት ስሜት አለው። ይህ ስሜት የሚመጣው በሁለቱ ማንጠሪያዎች መካከል ባለው መቀበያ ጋን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ከተጋገረው ዝቃጭ ነው፤ ጋኑ ታጥቦ ሲጸዳ የሰም ጣዕሙ ጠፋ።

ዕድሜን በተመለከተ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር በውስጡ ካሉት የመጨረሻው ወጣት ውስኪ ዕድሜ ነው። 12 የሚል ጠርሙስ ውስጥ 20 ዓመት የሞላው ሊኖር ይችላል፤ 11 ግን አይኖርም። በርሜሉ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ በትነት ያጣል፤ የቆየው ለምን እንደሚወደድ ከዚህ ይታያል። ይሻላል ወይ ላሉት መልሱ፦ ይለወጣል እንጂ ሁልጊዜ አይሻልም። እንጨቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ሹልነቱ ይለዝባል፤ ጭሱ ደግሞ ይቀንሳል። ላጋቩሊን 8 ከላጋቩሊን 16 ይልቅ በጭሱ የሚነድ ነው። ጭስ የሚወድ ሰው በርካሹ ይደሰታል ማለት ነው። ለመማር ከ10 እስከ 16 ያሉት ይበቃሉ፤ 18 እና 25 ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ገና ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ሰፊ አፍ ያለውን የውስኪ ብርጭቆ ይተዉት፤ ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ብርሌ በሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንገቱ ግን አፍንጫ ስለማያስገባ ለዚህ አይሆንም። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ብቻ ያጥቡ፤ የሳሙናና የፎጣ ሽታ ይቀራልና። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 20 እና ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙ፤ መለኪያዎ ይህ ነው። ውሃው ጋዝ የሌለው፣ ጨው ያልበዛበት የታሸገ ውሃ ይሁን። አምቦ ውሃ ብሌንድድ ውስኪን በረጅም ብርጭቆ ለመጠጣት ደህና ነው፤ 50 ሚሊ ውስኪ በ150 ሚሊ አምቦ በቂ ልክ ነው። ለመለየት ሲቀምሱ ግን ጋዙና ማዕድኑ ጣዕሙን ይሸፍኑብዎታል።

ቤቱ ውስጥ ዕጣን ከተጨሰ ዛሬ ይቅር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የዕጣንና የቡና ቁሌት ሽታ ባለበት ክፍል ውስጥ የፒትን ጭስ ከሌላው ጭስ መለየት አይቻልም። በርበሬ የበዛበት ወጥ ወይም ክትፎ በሚጥሚጣ ከበሉም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ የተቃጠለ ምላስ አልኮልን እጥፍ አድርጎ ይሰማዋል። ባዶ ሆድም ጥሩ አይደለም። ቅመም የሌለው ዳቦ አጠገብዎ ይኑር።

ከእያንዳንዱ 20 ሚሊ ይቅዱና 10 ደቂቃ ይተዉት። ሲያሸቱ እንደ ወይን ጠጅ አፍንጫዎን አያስገቡ፤ ከ40 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል አፍንጫን ወዲያው ያደነዝዛል። ብርጭቆውን መጀመሪያ ከአገጭዎ ሥር ይያዙት፤ ቀስ ብለው ያስጠጉት፤ አፍዎን ትንሽ ከፈት ያድርጉ። ሁለቱን እያፈራረቁ ያሽትቱ። አፍንጫዎ ሲደክም የራስዎን ክንድ ያሽትቱ፤ ይመለሳል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ያህል ፉት ሲሉ አይፍረዱ፤ እሷ አፍን ለአልኮሉ ማለማመጃ ናት። በሁለተኛው አሥር ሰኮንድ ያህል አፍዎ ውስጥ ያዙሩት፤ ከዋጡ በኋላ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ከዚያ በየብርጭቆው 2 ሚሊ ውሃ ይጨምሩና እንደገና። እስከ 5 ሚሊ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይሂዱ። 46 በመቶ የሆነ 20 ሚሊ ውስኪ 5 ሚሊ ውሃ ሲገባበት 37 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የፍራፍሬውን መዓዛ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቅይጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች በውሃ ወደ 20 በመቶ አውርደው፣ በአብዛኛው ሳይጠጡ በአፍንጫ ብቻ ነው የሚሠሩት። እርስዎም 10 ሚሊ ውስኪ በ10 ሚሊ ውሃ አድርገው ይሞክሩት፤ ለአፍ ስስ ነው፤ ለአፍንጫ ግን ሁሉን ይከፍታል።

በረዶ ያልኩት የለም፤ ምክንያቱም ቅዝቃዜ መዓዛውን ያፍነዋል። የቀዘቀዘ ውስኪ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ኮካ ሲጨመርበት ደግሞ ፈጽሞ አይለይም። ውሃ ወይም በረዶ ሲነካው ደፍረስ ካለ አይደናገጡ። ያልተበላሸ፣ በቅዝቃዜ ያልተጣራ ውስኪ ማለት ነው፤ 46 በመቶና ከዚያ በላይ የሚታሸገው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ደፍራሹን የሚያመጡት ቅባታማ ነገሮች አፍ ላይ ወፍራም ስሜት ስለሚሰጡ እንዲያውም መልካም ምልክት ነው።

ጥንዶቹ እነሆ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። በአንድ ቀን አንድ ጥንድ ብቻ፤ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ምላስ የሚነግርዎት ነገር አስተማማኝ አይደለም። 43 በመቶ የሆኑ ሁለት የ20 ሚሊ ብርጭቆዎች በእንግሊዝ አቆጣጠር 1.7 ዩኒት ያህል ናቸው (አንድ ዩኒት 10 ሚሊ ንጹህ አልኮል ነው)፤ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በሳምንት ከ14 እንዳያልፉ ይመክራል። መኪና የሚነዱ፣ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ አይጠጡ።

የመጀመሪያው ጥንድ ብላክ ሌብልና ግሪን ሌብል ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ግሪን ሌብል ግን 15 ዓመት የሆናቸው ሞልቶች ብቻ ያሉበት፣ ግሬይን የሌለበት፣ 43 በመቶ የሆነ ነው። ከሚያውቁት ተነስተው ግሬይን ሲወጣ ምን እንደሚሆን ያያሉ፦ አፍ ላይ ይከብዳል፣ ገብሱና ጭሱ ጎልተው ይወጣሉ፣ የጣፋጩ ልስላሴ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስለ በርሜል ነው፤ ግሌንሞራንጂ ኦሪጅናልና ግሌንሞራንጂ ላሳንታ። አንድ ማንጠሪያ፣ ጭስ የለም፤ ኦሪጅናል በቦርቦን በርሜል ብቻ የቆየ ነው፤ ላሳንታ ከቦርቦን በርሜል በኋላ ወደ ሼሪ በርሜል የተዛወረ ነው። ኦሪጅናል ለብዙ ዘመን 10 ይል ነበር፤ አዲሶቹ ጠርሙሶች 12 ይላሉ። በአንደኛው ቫኒላና ብርቱካን፣ በሌላው ዘቢብና ቅመም ካገኙ የበርሜሉን ትምህርት ጨረሱ። የእነዚህ ጠርሙሶች ምርጫ በሌለበት ሱቅ ግሌንፊዲኽ 12 እና ግሌንፊዲኽ 15 ሶሌራ ይተኳቸዋል፤ ልዩነቱ ግን ጠበብ ይላል። በየትኛውም ጥንድ ላይ ሌላ ሰው ብርጭቆዎቹን እንዲያቀያይርብዎት ያድርጉና ከሥራቸው ምልክት አኑሩ። ሦስቴ ከተቀያየሩ ሦስቴም ካወቁ ለይተዋል። ካላወቁ ነገ ይድገሙት።

ሦስተኛው ወደ ጭስ መግቢያ ነው፦ ቡናሃቨን 12 እና ኩል ኢላ 12። ስለ ጎረቤትነታቸው ተናግሬአለሁ። ቡናሃቨን 46.3 በመቶ፣ ኩል ኢላ 43 በመቶ ስለሆነ ለመጀመሪያው 2 ሚሊ ውሃ አስቀድመው ይጨምሩ፤ አለዚያ የአልኮሉን ጉልበት ከጣዕም ጋር ያምታቱታል። ቡናሃቨን ሼሪ በርሜልም ስላለበት ልዩነቱ የጭስ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛውን ጥንድ ያስቀደምነው ለዚህ ነው። ዘቢቡን አውቀው ሲቀንሱ የቀረው ጭሱ ነው። የኩል ኢላ ጭስ ንጹህ ነው፤ የጠፋ እሳት አመድ፣ ሎሚ፣ ትንሽ የባሕር ጨው።

አራተኛው ከሁሉም የሚወደድ ነው፦ ኩል ኢላ 12 ከላጋቩሊን 16 ጋር። ሁለቱም 43 በመቶ፣ ሁለቱም የአንድ ባለቤት፣ ሁለቱም ብቅላቸውን ከዚያው ከፖርት ኤለን ብቅል ቤት በተቀራራቢ የጭስ መጠን የሚያመጡ። ኩል ኢላ ግን ስስና ብሩህ ነው፤ ላጋቩሊን ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ የተጠበሰ ሥጋና ጥቁር ሻይ የሚል። ምክንያቱ የማንጠሪያው ቅርጽ፣ የሚነጠርበት ፍጥነትና «ከዚህ በኋላ አልሰበስብም» የሚሉበት ሰዓት ነው። ከባዱ ፌኖል ዘግይቶ ስለሚመጣ ዘግይቶ የሚያቆም ከባዱን ያገኛል። የአራት ዓመቱ ልዩነትም አለበት። እዚህ ሲደርሱ የፒፒኤም ቁጥር ብቻውን ለምን እንደማይበቃ በአፍዎ ያውቁታል።

ጠርሙስ ሁሉ ሙሉ መግዛት የለብዎትም። ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ላሉ ብዙዎቹ በ5 ሴንቲ ሊትር ትንንሽ ጠርሙስ ይገኛሉ፤ አንዱ ለሁለት ቀን ቅምሻ ይበቃል። አዲስ አበባ ላሉ ከቀረጥ ነጻ ሱቅ ይሻላል። ከማይታወቅ ሻጭ ሲገዙ ማሸጊያው ያልተነካካ መሆኑን፣ የመለያው ጽሑፍ ጥራቱን፣ ፈሳሹ ከአንገቱ የት እንደደረሰ ይመልከቱ፤ ተመሳሳይ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ጎደል ያለ ከሆነ አይግዙት። ወደ ሳውዲ አረቢያ ወይም ኩዌት የሚሄድ ሰው ጠርሙስ ይዞ አይጓዝ፤ የተከለከለ ነው።

የተከፈተ ጠርሙስ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ። ወይን ጠጅ ይጋደማል፤ ውስኪ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ቡሹ ተሰብሮ ቢገባ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልለው ወደ ንጹህ የመስታወት ጠርሙስ ያዛውሩት። ሲሶ ሲቀር በውስጡ ያለው አየር ስለሚበዛ ጣዕሙ ቶሎ ይደክማል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ጭሱ ነው። ወደ ትንሽ ጠርሙስ ይገልብጡት ወይም ለእንግዳ ያቅርቡት።

በመጨረሻ ወደ ላፍሮይግ ይመለሱ፤ ግን በቀጥታ አይደለም። 20 ሚሊ ግሌንፊዲኽ 12 ወይም ግሌንሞራንጂ ይቅዱና በስሪንጅ 1 ሚሊ ላፍሮይግ ይጨምሩ። ሙሉው ብርጭቆ ይለወጣል፤ ጭሱ ግን የሚቻል ነው። በሌላ ቀን 3 ሚሊ ያድርጉት። ከዚያ 20 ሚሊ ላፍሮይግ ራሱን በ10 ሚሊ ውሃ። 40 በመቶ የነበረው ወደ 27 ይወርዳል፤ የመድኃኒቱ ሽታ ወደ ኋላ ይልና ከቦርቦን በርሜሉ የመጣው ቫኒላ ብቅ ይላል፤ ብዙ ሰው ላፍሮይግ ጣፋጭ መሆኑን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጣፋጩን ወደው አዮዲን የሚመስለውን የመድኃኒት ሽታ ካልወደዱ ቀጣዩ ግዢዎ ሃይላንድ ፓርክ 12 ይሁን፤ የኦርክኒ ፒት ዛፍ ከሌለበት መሬት የተቆረጠ፣ ብዙው ሄዘር የተባለ ቁጥቋጦ ስለሆነ ጭሱ ወደ ማርና ወደ አበባ ያደላል። አዮዲኑንም ከወደዱ አርድቤግ 10ን፣ በ46 በመቶ፣ 5 ሚሊ ውሃ አዘጋጅተው ይክፈቱ።